የቆመው ለምን ይተኛል? ስለ አግድም መስመር አሣሣልና ስለ ሒሳብ ቋንቋችን የቀረበ አስተያየት

በኮኦርዲኔት ጠለል ላይ አግድም መስመር መሣል ከሒሳብ ትምህርት ርእሶች ሁሉ እጅግ ቀላሉ ተደርጎ ይቈጠራል። «ዋይ = 3» የሚለውን እኩልዮሽ በግራፍ አሳይ የተባለ ተማሪ፣ በቋሚው ዘንግ ላይ 3 ከተጻፈበት ቦታ ማስመሪያውን አጋድሞ አንዲት መስመር ቢያሰምር ሥራው ያበቃል። መምህሩም ለዚህ ጉዳይ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይመድብለትም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከርእሱ ተነጥሎ በድንገት ሲቀርብ በክፍል ውስጥ ደጋግመው የሚታዩት መልሶች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ተማሪ መስመሩን አቁሞ ይሥለዋል፤ አንዳንዱ በቋሚው ዘንግ ላይ አንዲት ነጥብ አኑሮ እርሳሱን ያስቀምጣል፤ ሌላው በትክክል አጋድሞ ይሥለዋል፤ ለምን እንዳጋደመው ሲጠየቅ ግን «ሕጉ ነው» ከማለት ያለፈ ምላሽ የለውም። በእኔ እምነት ይህ ሦስተኛው ተማሪ ከሁለቱ እምብዛም የተሻለ አይደለም። ፈተናውን ያልፋል እንጂ መስመሩን አላወቀውም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አግድም መስመር በሽምደዳ የሚታለፍ ልዩ ሁኔታ ሳይሆን የግራፍ ምንነት የሚገለጥበት ዋና ቦታ ነው የሚል ነው። ከዚህም ጋር፣ በአማርኛ በምናስተምርበት ጊዜ የምንጠቀምበት አንድ ቃል ችግሩን እንደሚያባብሰው ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ነጥቡን አኑሮ የቆመውን ተማሪ እንመልከት። ይህ ተማሪ ሞኝ አይደለም። በታችኛው ክፍል የተማረው በቁጥር መስመር ላይ ነው፤ በቁጥር መስመር ላይ ደግሞ «ዋይ = 3» ማለት በእርግጥም አንዲት ነጥብ ናት። ያው እኩልዮሽ ወደ ጠለል ሲመጣ መስመር ይሆናል፤ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ወዳለው ሕዋ ቢወሰድ ደግሞ ወሰን የሌለው ግድግዳ ይሆናል። የተለወጠው ዓረፍተ ነገሩ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ የሚነበብበት ቦታ ነው። በጠለል ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ጥንድ ቁጥር ነው፤ የእኩልዮሹ ግራፍም እኩልዮሹን እውነት የሚያደርጉ ጥንዶች ሁሉ ስብስብ ነው። «ዋይ = 3» ስለ ኤክስ ምንም አይልም። ዝምታው ግን ክልከላ አይደለም፤ ፈቃድ ነው። በበር ላይ ቆሞ መታወቂያ ብቻ እንዲጠይቅ የታዘዘ ዘበኛ የገቢውን ዕድሜም ሆነ የትውልድ ቦታ አይመረምርም፤ መታወቂያ የያዘ ሁሉ ያልፋል። እንደዚሁም (−7፣ 3)፣ (0፣ 3)፣ (2.5፣ 3) እና (1000፣ 3) ሁሉም ያልፋሉ። (3፣ 5) ግን ሦስትን በእጁ ይዞ ቢመጣም ሦስቱ ያለው በተሳሳተው ቦታ ነውና ይመለሳል። ተማሪው ይህን ማጣራት በራሱ አሥር ጊዜ ቢያደርገው መስመሩ ተጋድሞ ሲወጣ በዓይኑ ያየዋል፤ «ሕጉ ነው» ማለት አያስፈልገውም።

መስመሩን አቁሞ የሣለው ተማሪም የራሱ አመክንዮ አለው። ዋይ የቋሚው ዘንግ ስም ነው፤ ስለዚህ «ዋይ = 3» የቋሚው ዘንግ ወገን መስሎ ይታየዋል፤ ወገንም እንደ ወገኑ ይቆማል። መምህራን ይህን ለማረም የሚሰጡት መድኃኒት «ዋይ ይተኛል፣ ኤክስ ይቆማል» የሚል መፈክር ነው። መፈክሩ ለሳምንት ይሠራል። ሁለቱ ፊደላት በተማሪው አእምሮ ቦታ የተለዋወጡ ዕለት ግን መመለሻ መንገድ የለውም።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ነጥብ ከእኩልዮሹ ይልቅ ወደ ቋንቋችን ያደላል። በአማርኛ «ቋሚ» የሚለው ቃል በሒሳብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ቀጥ ብሎ የቆመን ነገር ያመለክታል፦ ቋሚ ዘንግ፣ ቋሚ መስመር፣ የቤት ቋሚ። ሁለተኛ፣ የማይለወጥን ነገር ያመለክታል፦ ቋሚ ቁጥር፣ ቋሚ ዋጋ፣ ከሒሳብም ውጭ ቋሚ ሠራተኛና ቋሚ አድራሻ። አሁን ለተማሪው «ዋይ = 3 ቋሚ ፈንክሽን ነው» እንበለው። በትክክል ተናግረናል፤ ዋይ አይለወጥምና። እርሱ ግን የሰማው «ይህ ነገር የቆመ ነው» የሚል ነው፤ እኛም ወዲያው ዞር ብለን ተጋድሞ የሚተኛ መስመር በሰሌዳው ላይ እንሥላለን። ቋሚ ያልነው ተኛ፤ ቋሚ የሚባለው መስመር ደግሞ ቋሚ ፈንክሽን አይደለም፤ እንዲያውም ለአንድ ኤክስ ብዙ ዋይ ስለሚሰጥ ከነጭራሹ የኤክስ ፈንክሽን አይደለም። በእንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁለት አሳቦች ሁለት የማይመሳሰሉ ቃላት ስላሉ ከዚያ የተተረጐመ የመምህር መመሪያ ይህን ወጥመድ ሊያስጠነቅቀን አይችልም። ወጥመዱ የራሳችን ነውና ማስጠንቀቂያውም ከእኛ መምጣት አለበት።

ነገሩ በስሙ ብቻ አያበቃም፤ ግሡም ይከተለዋል። «ቆመ» ማለት ቀጥ ብሎ ተነሣ ማለት ነው፤ እንቅስቃሴውን አቋረጠ ማለትም ነው። በፊዚክስ ክፍል አንድ መኪና በመንገድ ላይ ቆመ ሲባል፣ አግድሙ ዘንግ ጊዜን፣ ቋሚው ዘንግ ከመነሻው ያለውን ርቀት ቢያሳይ፣ የቆመው መኪና ግራፍ ተጋዳሚ ነው። ጊዜው ይሄዳል፤ ርቀቱ ባለበት ነው። ቋሚው ዘንግ በርቀት ፈንታ ፍጥነትን እንዲያሳይ ብናደርግ ደግሞ ያው ተጋዳሚ መስመር በተመሳሳይ ፍጥነት የሚሮጥን መኪና ያመለክታል። አንዱ መስመር በአንድ ሥዕል ዕረፍት፣ በሌላው ሥዕል ሩጫ ነው። ዘንጎቹ ላይ የተጻፈውን ሳያነብ የመስመሩን መልክ ብቻ የሚያይ ተማሪ ሁለቱን ሊለይ አይችልም። ሌንሃርት፣ ዛስላቭስኪና ስታይን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ስለ ፈንክሽንና ግራፍ ትምህርት ባወጡት ሰፊ ዳሰሳ፣ ግራፍን እንደ ነገሩ ፎቶግራፍ ቆጥሮ ማንበብን ከተማሪዎች ዋና ዋና ስሕተቶች መካከል አድርገው ያነሡታል። በእኛ ክፍል ግን ከዓይን በተጨማሪ ጆሮም ያሳስታል ማለት ነው።

«አግድም» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ያሻዋል። በሰሌዳ ላይ የተሣለ አግድም መስመር ከመሬት ጋር ትይዩ ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ደብተር ላይ ግን ሁሉም መስመር ከመሬት ጋር ትይዩ ነው፤ «ቋሚ» የምንለው መስመርም ተኝቷል። ስለዚህ አግድም ማለት ከኤክስ ዘንግ ጋር ትይዩ የሆነ፣ ወይም ራሱ የኤክስ ዘንግ ማለት እንጂ ከወለሉ ጋር የተስተካከለ ማለት አይደለም። (የኤክስ ዘንግ እኩልዮሽ «ዋይ = 0» መሆኑን ስንት ተማሪ ያውቃል? ዜሮን «ምንም» ብሎ የተማረ ልጅ «ዋይ = 0» የሚለውን ምንም የማይሣልበት እኩልዮሽ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም።)

ስለ ተዳፋትም እንዲሁ ነው። በተለምዶ ንግግር ሜዳ ተዳፋት የለውም እንላለን። በሒሳብ ግን የአግድም መስመር ተዳፋት አለ፤ መጠኑም ዜሮ ነው። ተዳፋቱ በቁጥር ሊነገር የማይችለው የቆመው መስመር ነው፤ በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል። «የለውም» የሚለው ቃል በአንደኛው አንደበት ለሜዳው፣ በሌላው አንደበት ለገደሉ ይነገራል። መምህሩ «ዜሮ ነው» እና «አይታወቅለትም» የሚሉትን ለይቶ ቢናገር፣ «የለውም» የሚለውንም ለጊዜው ከሰሌዳው ቢያርቀው ብዙ ውዥንብር ይቀራል።

እንግዲህ የቆመው ለምን ይተኛል ለሚለው ጥያቄ ያገኘሁት ከሁሉ የተሻለ መልስ ከዛሬ መማሪያ መጻሕፍት ሳይሆን ከ14ኛው ምእተ ዓመት የመጣ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ኒኮል ኦሬም፣ የዴካርት የጂኦሜትሪ መጽሐፍ በ1637 ከመታተሙ ከሁለት ምእተ ዓመት ተኩል በላይ አስቀድሞ፣ ለውጥን በሥዕል የሚያሳይበት ዘዴ ነበረው። ጊዜን ወይም ርዝመትን በተጋደመ መስመር ያመለክታል፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የነገሩን ብርታት፣ ለምሳሌ ፍጥነቱን ወይም ሙቀቱን፣ በሚቆም መስመር ያመለክታል። ብርታቱ እየጨመረ ሲሄድ የቋሚዎቹ ቁመት እየረዘመ ከላይ ያዘነበለ መስመር ይፈጥራል። ብርታቱ ወጥ ሲሆን ግን ቋሚዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ሥዕሉም ባለ ቀጤ ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል፤ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ጋር ትይዩ ሆኖ ይጋደማል።

ይህን ለማስረዳት ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልግም። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ቋሚዎቹ በእኩል ቁመት ከተተከሉ ከላያቸው የሚጋደመው እንጨት ሜዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ አንዱ ቋሚ ቢያጥር ያዘነብላል። የግራፉ መስመር ይህ ከላይ የተጋደመው እንጨት ነው። «ቋሚ» ያልነው፣ ማለትም ያልተለወጠው፣ ከሥሩ ያሉት ምሰሶዎች ቁመት ነው። የቁመቱ አለመለወጥ ነው ጫፉን ያጋደመው። እኛ በሰሌዳ ላይ የምንሥለው ጫፉን ብቻ ነው፤ ምሰሶዎቹን ስለማናሳያቸው ነው ተማሪው ግራ የሚጋባው።

ከላይ ያነሣሁት የቃላት ጉዳይ ከቃላት ያለፈ ውጤት አለው። ዴቪድ ቶልና ባካር በእንግሊዝ አገር ባደረጉትና በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከደረሱ ተማሪዎች መካከል እንኳ ብዙዎቹ የማይለወጥ ዋጋ ያለውን እኩልዮሽ ፈንክሽን ብለው ለመቀበል እንደሚቸገሩ አሳይተዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፦ ፈንክሽን ማለት ኤክስ ሲለወጥ ዋይም የሚለወጥበት ነገር ነው ብለው ይዘዋል፤ በ«ዋይ = 4» ውስጥ ደግሞ ኤክስ አይታይም። «ዋይ = 0 × ኤክስ + 4» ብሎ መጻፍ ለዚህ ጥሩ ማስታገሻ ነው፤ ኤክስ ተገኝቷል፣ ድምፁ ግን በዜሮ ተባዝቷል። ይህን ያልተረዳ ተማሪ የኋላ ኋላ የማይለወጥ ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ ዜሮ ነው ሲባል ሌላ ሕግ ሸምድዶ ይሄዳል እንጂ ሜዳ ተዳፋቱ ዜሮ ነው የሚለውን ያንኑ እውነት እንደሰማ አይገነዘብም።

አግድም መስመር ምንም የማይከሰትበት ነው የሚለው አስተሳሰብ ደግሞ ሌላው ሊነቀል የሚገባው አረም ነው። ከኑሯችን ሁለት ምሳሌዎችን ላንሣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ ነው። ድስት ጥደን ሙቀቱን በየደቂቃው ብንመዘግብ ግራፉ ሽቅብ ይወጣና 92 አካባቢ ሲደርስ ይጋደማል። እሳቱ አልጠፋም፤ የሚሰጠው ሙቀት ውኃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። እሳቱን ብናበረታው መስመሩ ቶሎ ይጋደማል፣ ውኃውም ቶሎ ያልቃል እንጂ መስመሩ ከፍ አይልም። ያው ድስት አሰብ ላይ፣ በባሕሩ ዳር ቢጣድ ሌላ አግድም መስመር ይወጣል፤ ከመጀመሪያው ጋር ትይዩ ሆኖ በስምንት ዲግሪ ያህል ከፍ ያለ። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ለመቀቀል ረጅም ጊዜ የሚወስደው በእነዚህ ሁለት ትይዩ መስመሮች መካከል ባለው ርቀት ምክንያት ነው። ይህን በአንድ ጠለል ላይ የሣለ ተማሪ «ዋይ = 92» እና «ዋይ = 100» ለምን እንደማይገናኙ ሲጠየቅ መልሱ ከማጀት ይመጣለታል።

ሁለተኛው ምሳሌ የብር ምንዛሪ ነው። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ የአንድ የአሜሪካ ዶላር መንግሥታዊ ዋጋ 2.07 ብር ነበር። ዓመታቱን በአግድሙ ዘንግ፣ ዋጋውን በቋሚው ዘንግ ብናኖር ሃያ ዓመት ያህል የሚዘልቅ አንድ ቁራጭ አግድም መስመር እናገኛለን፤ ከዚያም በ1985 ወደ 5 ብር ይዘልላል። በዚያ መስመር ሥር ምን ምን እንዳለፈ እናስብ፦ የዘውዱ መውረድ፣ የሶማልያ ጦርነት፣ የ1977 ድርቅ፣ የደርግ መውደቅ። መስመሩ ግን አልተነቃነቀም። «ዋይ በኤክስ አይለወጥም» ማለት ኤክስ ባዶ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ግራፍ አላውቅም። ተማሪው ደግሞ መልካም ጥያቄ ሊጠይቅበት ይችላል፦ ይህ መስመር የተጋደመው ነገሩ ስላልተለወጠ ነው ወይስ እንዳይለወጥ ስለታዘዘ? ሒሳቡ ይህን አይመልስም፤ ጥያቄውን ያነሣው ግን ግራፉ ነው። በዚህ አጋጣሚም በሁለት በኩል ወሰን የሌለው መስመርና ከ1965 እስከ 1985 ብቻ የሚኖር ቁራጭ የተለያዩ መሆናቸው ያለ ብዙ ድካም ይገባዋል።

የዚህ መጽሔት አንባቢ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በመሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። በየመመረቂያ ጽሑፋችን የምንሠራው የሪግሬሽን ትንተና በመሠረቱ ከአንድ አግድም መስመር ጋር የሚደረግ ክርክር ነው። ኤክስ ስለ ዋይ ምንም የማይነግረን ቢሆን ኖሮ ለእያንዳንዱ ኤክስ የምንገምተው ዋይ አማካዩ ብቻ ይሆን ነበር፤ ይህም በአማካዩ ቁመት የተጋደመ መስመር ነው። የኛ ያዘነበለ መስመር ከዚህ ከተጋደመው ምን ያህል እንደሚሻል የሚለካው አር ካሬ የሚባለው መጠን ነው። ስለዚህ አር ካሬ 0.04 የሆነበትን ሠንጠረዥ አስፍሮ «ጠንካራ ግንኙነት ተገኝቷል» የሚል ጽሑፍ ስናነብ፣ ጸሐፊው ከስታቲስቲክስ ይልቅ የጎደለው ያችን ከታች ክፍል የቀረች አግድም መስመር ሊሆን ይችላል ብዬ እገምታለሁ።

አንዳንድ ባልደረቦች ተማሪው ወደ ላይኛው ክፍል ሲሸጋገር ሒሳብን በእንግሊዝኛ ስለሚማር የ«ቋሚ» ችግር በራሱ ጊዜ ይወገዳል ይላሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ማድረጉ እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም በብዙ ክፍሎች ማብራሪያው የሚሰጠው በአገር ቋንቋ ነው፤ ተማሪውም በሆዱ የሚያስበው በዚያው ነው። አስቀድሞ የተምታታ አሳብ አዲስ ስም ስለተሰጠው አይጠራም።

ስለዚህ «ቋሚ» የሚለውን ለቆመው መስመርና ለቆመው ዘንግ ብቻ እንተውለት፤ ለማይለወጠው «ወጥ» የሚለውን ቃል እንጠቀም እላለሁ። «ወጥ ፍጥነት» የሚለው በፊዚክስ ትምህርት እንግዳ አይደለም፤ «ወጥ ፈንክሽን» ማለትም አያስቸግርም። ተማሪዎች ስለ ምሳቸው የምናወራ መስሏቸው ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ፤ የሳቁበትን ቃል አይረሱትም።

የአቀራረቡም ቅደም ተከተል ቢገለበጥ መልካም ነው። በተለምዶ ያዘነበለው መስመር በሰፊው ከተማሩት በኋላ አግድሙና ቋሚው «ልዩ ሁኔታዎች» ተብለው በመጨረሻ ይጠቀሳሉ። አግድሙ መጀመሪያ ይምጣ። ከእርሱ ቀጥሎ የ«ዋይ = ኤክስ ካሬ» ግራፍ ባለበት ጠለል ላይ አግድም መስመሩን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ማየት ይቻላል፦ በ«ዋይ = 4» ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል፣ በ«ዋይ = 0» አንድ ቦታ ይነካዋል፣ በ«ዋይ = −1» ጨርሶ አይደርስበትም። ተማሪው አንድ እኩልዮሽ ስንት መፍትሔ እንዳለው ሳይሰላ በዓይኑ ቆጠረ ማለት ነው።

ጊዜ የለም፣ ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ ፈተናው ምርጫ ብቻ ነው የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። የምጠይቀው ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀትና በሦስት ካሬ ቁመት እኩል የተቈረጡ ጥቂት ስንደዶዎች ይበቃሉ። ተማሪዎቹ ስንደዶዎቹን በ−2፣ በ0፣ በ1 እና በ4 ላይ ከኤክስ ዘንግ ተነሥተው እንዲቆሙ አድርገው ያኑሯቸው፤ ጫፎቻቸውንም በእርሳስ ነጥብ ያመልክቱ። ከዚያ መምህሩ ስንደዶ በሌለበት በ2.5 ላይ ጣቱን አኑሮ ጫፉ የት ሊሆን እንደሚገባ ይጠይቃቸው፤ ማስመሪያውን የሚያነሡት ከመለሱለት በኋላ ነው።